ከማዕድ የምትቀድም መራራ

እህል ከገባ በኋላ ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ወንዝ የወረደ ሰው፣ በድንጋይ ተጭኖ ውኃ ውስጥ የተኛ ጆንያ ቢያገኝ አይገረም። ግብጦ ነው። ግብጦ ጥሬውን መራራ ስለሆነ ከብት እንኳ ማሳው ውስጥ ገብቶ አይደፍረውም። የእስቴ ገበሬ ሌላ እህል አላበቅል ያለውን የደከመ መሬት ለግብጦ ይሰጠዋል፤ ግብጦም ሳይታረስለት፣ ሳይታረምለት ይበቅላል፤ አፈሩንም መልሶ ያበረታዋል። ከተሰበሰበ በኋላ ይቆላል፣ በጆንያ ይታሰራል፣ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ያድራል። ውኃው ምሬቱን ቀስ እያለ ይወስድለታል። ከዚያ ልጣጩ እየተገፈፈ ይበላል፤ ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ወዳጁ ብዙ ነው።

ከእራት በፊት ስለሚጠጣው የጂንና የቬርሙት ቅይጥ ልጽፍ ተነሥቼ ከእስቴ ወንዝ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግብጦን በመጀመሪያ ያላመዱት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ግሪኮችም ሮማውያንም በልተውታል። በጣሊያን እስከ ዛሬ ድረስ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ በትንሽ ሳህን የቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ይቀርባል። የሚቀርበው መራራ መጠጥ በሚቀመስበት በምሽት፣ ገበታ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ያንን መጠጥ ጣሊያኖች አፐሪቲቮ ይሉታል፤ ቃሉ መክፈት ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። ሆድ ከፋች እንደ ማለት ነው። አንድ ፍሬ በሁለት አገር ከአንድ ዓይነት ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

መንገዱ ከሮም ይጀምራል። እዚያ ወይን ውስጥ መራራ ቅጠል መንከር የቆየ ልማድ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ በካፒቶል ኮረብታ በሚደረገው የባለ አራት ፈረስ ሠረገላ ውድድር ያሸነፈ ሰው የዚህን መራራ ቅጠል መጠጥ ይጎነጭ እንደነበር ጽፏል፤ ለአሸናፊ የሚገባው ሽልማት ጤና ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ቅጠሉ አርቴሚሲያ ከተባለው የዕፅዋት ወገን ነው። እኛ አሪቲና ጭቁኝ የምንላቸው የዚያው ዘር ናቸው። አሪቲን ከቄጤማ ጋር ጎዝጉዞ ቡና ያፈላ ሰው ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። ጀርመኖች ያንን መራራ ቅጠል ቬርሙት ይሉታል፤ መጠጡም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው።

በዚህ በኩል ደግሞ ጌሾ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ውስጥ ሲቆይ ከማር የሚጣለውን ጠጅ አይቶ ጽፏል። ጠጅ ምን እንደሆነ ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው፣ ከማር የተሠራ ወይን ጠጅ በመራራ ዕፅ የተገራ ማለት ነው። ጌሾው ባይኖር ጣፋጩ ምላስ ላይ ተንዛዝቶ ይቀር ነበር። ማርን በመራራ የመግራት ጥበብ የጣሊያኗ ቱሪን ሰዎች ወይናቸውን ከመራራ ቅጠል ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከማሸጋቸው በፊት በእስቴ ጎረቤቶች በጋይንትና በስማዳ ጋኖች ውስጥ የታወቀ ነበር። ይህን ስል ለአገሬ ላደላ ብዬ አይደለም፤ ጠጅና ቬርሙት በአሠራር ሐሳባቸው ወንድማማች እንደሆኑ በእውነት ስለማምን ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ ጠንካራው መጠጥ፤ ወይኑን ደግፎ የሚያቆመው የተጣራ አልኮል።

እሱም መጣ። አረቄ የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፦ ከዓረብኛ ነው፤ ትርጉሙም ላብ። ጋን ውስጥ የፈላው ጥንስስ እንፋሎት ሆኖ ወጥቶ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ጠብ ጠብ የሚለውን ያየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝለትም። ቃሉም ጥበቡም አገራችን ገብተው በደጋውና በቆላው ሴቶች እጅ ሥር ሰደዱ። ያንን ጥበብ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ጂን የሚጽፉ ሁሉ የለንደንና የአምስተርዳምን የመዳብ ጋን ይስላሉ፣ የጋይንቷን የአርብ ገበያን ማሰሮ ግን ማንም አይስለውም።

መጀመሪያ ጥንስሱ ይጠነሰሳል፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ ብቅልና ውኃ። ቀናት ያድራል። ከዚያ ዱቄቱ ይቦካል፣ ቂጣ ይጋገራል፤ ቂጣው ተቆራርሶ ጥንስሱ ላይ ይገባል። በቆላው ስማዳ ማሽላና ዳጉሳ ነው፤ ጉና ጫፍ ሥር ባለው ደጋ ገብስ ነው፤ ግብጦም የራሱ አረቄ አለው። ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ማሰሮ ውስጥ ተጨምሮ እሳት ላይ ይጣዳል። የማሰሮው አፍ ይከደንና በክዳኑ ቀዳዳ በኩል ሸምበቆ ይገባል። መጋጠሚያው ሁሉ እንፋሎት እንዳያመልጥ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። የሸምበቆው ሌላ ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የጆሮና የእጅ ነው። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ ሸምበቆው ውስጥ ይገባል፤ አረቄውም ይደፈርሳል። እሳቱ ካነሰ አይወጣም። ውኃው ሲሞቅ መቀየር አለበት። ሴትዮዋ ማሰሮውን ሳትከፍት፣ በድምፁና ሸምበቆውን በእጇ ነካ በማድረግ ብቻ ውስጡ ያለውን ታውቃለች። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ተመልሶ ሲጣድና ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ ዳግሙ ከ40 በመቶ የአልኮል መጠን ያልፋል። ይህ የብዙ ጂን ጥንካሬ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዚህ አገር ማዕከል ደብረ ታቦር ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠሪዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ በጋይንት ነው። ጨጨሆን አልፎ፣ ዘቢጥን ረግጦ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ይወጣል። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሲሠሩ ወራት ፈጀባቸው። መቅደላ ላይ የታሰሩት አውሮፓውያን ኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ጠጅም አረቄም ይነሣሉ፤ በዚያ ዘመን አረቄ ከሠራዊቱ ሰፈር እስከ ንጉሡ ድንኳን የታወቀ መጠጥ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ ጋይንት ያንን ሁሉ ሰው አሳልፋ መመገቧን ብቻ ይዛ ቀረች።

ከዚያ ቀደም ብሎ በአውሮፓ የቅይጡ ሌላ ግማሽ እየተሠራ ነበር። አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ እ.ኤ.አ. በ1786 በቱሪን ከተማ ጣፋጭ ቬርሙቱን ለገበያ አወጣ፦ ነጭ ወይን፣ መራራ ቅጠል፣ ቅመማ ቅመም፣ ስኳርና መጠጡን የሚደግፍ የተጣራ አልኮል። በፈረንሳይ ጆሴፍ ኖዪ እ.ኤ.አ. በ1813 ደረቁን፣ ጣፋጭ ያልበዛበትን ዓይነት አሰናዳ። ጂን ደግሞ ከሆላንድ ነው የተነሣው፤ ስሙ ጥድ ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። የእህል አረቄ ነው፤ ከጥድ ፍሬ ጋር ተመልሶ የተጣደ። ሆላንዶች ያወጡትን እንግሊዞች ወሰዱት፤ የለንደን ድሃ በእሱ ብዙ ተጎዳ፤ ፓርላማውም እ.ኤ.አ. በ1751 ሽያጩን በሕግ ገደበ። ሁለቱ መጠጦች አሜሪካ ውስጥ በአንድ ብርጭቆ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1884 የታተመ የመጠጥ ቀማሚዎች መጽሐፍ ማርቲኔዝ የሚባል የጂንና የቬርሙት ቅይጥ ይጠቅሳል፤ ቀስ በቀስ ጣፋጩ እየቀነሰ ሄዶ ዛሬ ማርቲኒ የምንለው ሆነ።

የእህል አረቄ፣ ጥድ፣ አሪቲ። ሦስቱም ጋይንት ነበሩ። የጋይንትን አብያተ ክርስቲያናት የከበበው ጥድ ነው፤ የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥቱ ዙር አምባ፣ ከሩቅ የሚታወቁት በጥዳቸው ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ የገባ ሰው የሚሸተው ሽታ አለ፤ እርጥብ እንጨት፣ ሙጫ፣ ቀዝቃዛ አየር። ወደዚህ ሽታ እመለሳለሁ።

በምኒልክ ዘመን የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ኋላም አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጠርሙሱም አብሮ ገባ። ግሪኮችና አርመኖች ሱቅ ከፈቱ፤ ኮኛክና ኡዞ ከጠጅ ቤቱ ጎን ቦታ አገኙ። ዛሬ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ የምንለው ድርጅትም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከእነዚያ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ነው። እነ ጋይንትን የያዘችው በጌምድር ግን ሩቅ ነበረች። ጋይንት አዲስ አበባ የሚጠጣውን ሳታውቅ በማሰሮዋ ቀጠለች።

ቬርሙቱ ደብረ ታቦር የደረሰው ከጠላት ጋር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ዳርቻ ዞሮ ደብረ ታቦር ገባ። ይህን ዘመን ስለ ምሽት መጠጥ ብቻ መተረክ ኃጢአት ነው፤ የጋይንትና የእስቴ ሰው በዱር በገደሉ የተዋጋበት፣ ቤቱና እህሉ የተቃጠለበት ዘመን ነው። ነገር ግን ወራሪው የአገሩን አመል ይዞ መምጣቱ አይካድም። ጣሊያኖች ያኔ አዲስ ወግ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 በፍሎረንስ ከተማ ኔግሮኒ የተባለ ባላባት፣ ጂንን፣ ቀይ ቬርሙትንና ካምፓሪን እኩል እኩል አስቀይጦ ጠጣ ይባላል፤ ቅይጡም በስሙ ቀረ። የጎንደር ፒያሳ በባርና በካፌ ተከበበ። ከምሽቱ በፊት ቆሞ የሚጠጣ፣ ትንሽ ነገር የሚቀማምስ ሕዝብ በዚህ አገር ታየ። የደብረ ታቦሩ ምሽግ በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም.። ወታደሩ ሄደ፤ ባር የሚለው ቃል ግን ከፓስታና ከማኪያቶ ጋር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የቡና ቤት ዘመን ናቸው። በየከተማው ባንኮኒ ተሠራ፤ ከባንኮኒው ጀርባ መስተዋት፣ በመስተዋቱ ፊት ጠርሙስ ተደረደረ። ብሔራዊው ፋብሪካ ባሮ ደረቅ ጂንን አወጣ፤ ኡዞ፣ ፈርኔትና አፐሪቲቮም በአማርኛ ፊደል ተጽፎባቸው ወጡ። ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚጣራ አልኮል ነበርና ዋጋው ለመምህሩም ለሾፌሩም ይደረስበት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ቃል ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ተሻገረ፦ መለኪያ። የአረቄዋ ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ ትባላለች፤ ጂኑም በመለኪያ ይቀዳ ጀመር። የጠጅ ብርሌና የጠላ ዋንጫ ይሞላሉ፤ መለኪያ ግን ልክ አላት። ጠንካራ መጠጥ ልክ ያስፈልገዋል የሚለውን እውቀት አረቄ ሻጮች ከባር ቤቱ በፊት ያውቁት ነበር።

ጋይንትን ከዓለም ጋር ያገናኛት ቻይናዎች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ነው። መንገዱ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆን ዞሮ ወደ ጋሸና ይወጣል፤ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ባስጎተቱበት አቅጣጫ። ከእሱ ጋር የጭነት መኪና፣ ከመኪናው ጋር የቢራ ሳጥንና የጂን ጠርሙስ መጣ። ግን ከመንገዱ ጋር ሌላም ነገር መጥቷል፦ የእርዳታ ስንዴ። በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ ጋይንትና ስማዳ ክፉኛ ተጎድተዋል። አረቄ ከእህል የሚወጣ ነገር ነው፤ ልጅ የሚበላው ሲጠፋ ማሰሮው ይደፋል። የአንድ መንደር አረቄ መኖርና አለመኖር ያንን ዓመት ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ ይናገራል። ዓመቱ መልካም ሲሆን ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት ሴት ልጆቿን አስተምራ ያወጣችው በዚያ ጠብታ ነው። ጭሱ ዓይኗን አጥፍቶባት፣ ማገዶው ጀርባዋን አጉብጦባት። ስለ አረቄ ጉዳት የሚነገረው ብዙው እውነት ነው፤ ሰው ያፈርሳል፣ ቤት ይበትናል። ያወጡትን ሴቶች ድካምና ጥበብ ማንም አለመመዝገቡ ግን ያሳዝነኛል።

ማርቲኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት አዲስ አበባ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ክረምት ነበር። ቀማሚው ወጣት ልጅ መለኪያውን በጂን አምስት ጊዜ፣ በደረቅ ቬርሙት አንድ ጊዜ ቀዳ። በረዶ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ረጅም ማንኪያ ይዞ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አዞረው። «አይናጥም ጋሼ፤ ከተናጠ ይደፈርሳል» አለኝ። ያ ማዞር ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ በረዶው እየቀለጠ መጠጡን በልክ ያቀጥነዋል፤ ያለዚያ ጉሮሮ ያቃጥላል። ብርጭቆውን ራሱ ቀድሞ አቀዝቅዞት ነበር። ከዚያ ከሎሚ ልጣጭ አንድ ቁራጭ ገፎ መጠጡ ላይ ጨመቀው፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ሲበተን አየሁት። አነሣሁና አሸተትኩ። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው! ዝናብ ያባራበት የጋይንት ጥድ። ከአፌ ከማድረጌ በፊት ልጅነቴ መጣብኝ። ቀጥሎ ከሥር አሪቲው መጣ፣ ከአሪቲው ቀጥሎ ምሬቱ፣ ከምሬቱ በኋላ ረሃብ። እራት በጣም አማረኝ። አፐሪቲቮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሆዴ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ በቤቴም እሠራለሁ። ለለመደው አምስት ለአንድ፣ ለጀማሪ ሁለት ለአንድ ይሻላል፤ ጣፋጩን ለሚወድ ሰው ደግሞ ቀይ ቬርሙትና ጂን እኩል ለእኩል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቬርሙቱ ነው። ቬርሙት ወይን ነው፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ከቆመ ይሞታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በአንድ በሁለት ወር ማለቅ አለበት። ባንኮኒ ላይ ዓመት የከረመ ቬርሙት ቀምሶ «ኮምጣጣ ነገር ነው» ብሎ የተወው ስንቱ ነው። አጠገቡ ግብጦ አስቀምጣለሁ። ከእስቴ ሲላክልኝ ደስታዬ ትልቅ ነው።

በጥዱ ነገር ደግሞ በቅርብ ዓመታት አንድ ሥራ ተሠርቷል። የአውሮፓ ጂን የሚወጣበት ጥድ ቁጥቋጦ ነው፤ የእኛው የሐበሻ ጥድ ግን ትልቅ ዛፍ ነው፤ የተለየ ዘር ነው፤ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ ይባላል። ዛፉ በኢትዮጵያ ደጋም በኬንያ ደጋም ይበቅላል። ናይሮቢ ያሉ ሰዎች የዚህን ዛፍ ፍሬ ለቅመው ጂን አወጡበት፤ ስሙንም በዛፉ ስም ፕሮሴራ አሉት፤ በውድ ዋጋ ባሕር ማዶ ይሸጣል። ዜናውን ሳነብ ደስታም ቁጭትም ተሰማኝ። ዛፉ የዙር አምባ ዛፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጥድ አይነካም፤ መነካትም የለበትም፤ ከእሱ ቅጽር ውጭ ያለው ተራራ ግን ተራቁቷል፤ ችግኝ ይሻል።

ባለፈው ጥር ለሠርግ እስቴ ወርጄ ነበር። ዳሱ ገና እየተሠራ፣ ወጡ ገና እየተወጠወጠ ሳለ ከጓዳ አንዲት እናት ወጡ፤ በአንድ እጃቸው መለኪያዎች የተደረደሩበት ትሪ፣ በሌላው ጠርሙስ። እንጀራ አልመጣም። «በሉ ልጆቼ፣ ሆዳችሁን ክፈቱበት» አሉ። ዳግም ነው፤ ጤና አዳም ገብቶበታል። የራሳቸው እጅ ሥራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳይመልሱ ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ ምድጃው ጠርዝ ላይ አፈሰሱና እሳት አስጠጉት። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ጢስ ሳይኖረው ጠፋ። «አየህ፣ ውኃ የለበትም» አሉና ግብጦውን በሰፌድ ወደ እኔ ገፉት።